የተማሪ ራፕ ውስጥ ጥይትና ደም ስላለ ብቻ ልጁ ይታገዳል? ወሰኑ የት ነው?

የሚኒ ሚዲያው

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። በተለይ ሕግ የምታውቁና ሙዚቃ የምትሠሩ ሰዎች ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ባሕር ዳር ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ የሚኒ ሚዲያ ክበቡም ተጠሪ ነኝ። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ አለ። ክፍል ውስጥ ካልጠየቁት አይናገርም፣ ራፕ ሲጀምር ግን ሌላ ሰው ነው የሚሆነው። መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ ቢት ከፍቶ አሰማኝና «ቲቸር፣ በእረፍት ሰዓት በማጉያው ይለፍልኝ» አለኝ። እኛ ጋ ማንኛውም ግጥም ከመተላለፉ በፊት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ያዩታል። እሳቸው በቀይ እስክሪብቶ እያሰመሩ አነበቡና ጉዳዩን ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ መሩት። አሁን የሚወራው ዘፈኑ ይለፍ ወይስ አይለፍ ሳይሆን ልጁ ለስንት ጊዜ ይታገድ የሚለው ነው።

ግጥሙ ረጅም ስለሆነ ልጁን አስፈቅጄ ሦስት ቦታ ቆንጥሬ ላስቀምጥላችሁ። መግቢያው ይሄ ነው፦

ዘራፍ ብዬ ስወጣ ሰፈሩ ይበርዳል፣
ማይኬ ጥይት ጎርሷል፣ ደም እንደ ዓባይ ይወርዳል።

መሐል ላይ ደግሞ፦

ሽንት ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን ይዟል በእጁ፣
ብዕሬ ክብሪት ነው፣ ይነዳል በር ደጁ።

ወደ መጨረሻው ደግሞ እንዲህ ይላል፦

አረንጓዴው በር ጋ መብራት የለም ማታ፣
ማክሰኞ ከጥናት ስትመጣ ጠብቀኝ ላፍታ።

ቀዩ መስመር ያረፈው «ጥይት»፣ «ደም» እና «ይነዳል» ላይ ነው። የሽንት ቤቱ ነገር እውነት ነው፤ ከተቆለፈ ቆይቷል፣ ተማሪዎቹም ደጋግመው አቤት ብለዋል። በኔ አስተያየት ኮሚቴውን ያስቆጣው ከደሙ ይልቅ እሱ ነው።

እኔ ልጁ በግጥም ምክንያት ከትምህርት መራቅ የለበትም ባይ ነኝ። ግን ያለንበት ጊዜ ያስፈራል፣ ስለ ደም የሚዘፍን ልጅ ዝም ብሎ «አርት ነው» ተብሎ ይታለፍ ለማለትም አፌን ይይዘኛል። ስብሰባው ቅርብ ነው። ምን ይዤ ልግባ? እንዲህ ያለ ነገር ላይ ወሰኑ የት ነው የሚሰመረው?

ቢት ሠሪው

መምህር፣ ልጁን እንዳታስነካ። ሽምብጥ አካባቢ አንዲት ክፍል ውስጥ ስቱዲዮ አለችኝ፣ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን የለጠፍኩባት። እኔ ጋ የሚመጣ ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያ ዘፈኑ ሰው ይገድላል። ሁሉም! አንዱ ሰፈር ያነዳል፣ ሌላው ከተማ ይይዛል። ከዚያ ቀረጻው ሲያልቅ «ወንድሜ፣ የባጃጅ ሙላልኝ» ይለኛል። ራፕ ሲጀመር ጀምሮ ፉክክር አለበት፤ ማይክ የያዘ ሰው ከሁሉ የበለጠ አስፈሪ፣ ከሁሉ የበለጠ ሀብታም፣ ከሁሉ የበለጠ ተወዳጅ እኔ ነኝ ይላል። ሰሚውም ይህን ያውቃል። ሀብታም ነኝ ያለውን ራፐር ገቢዎች መጥቶ ግብር ክፈል አይለውም፣ ገዳይ ነኝ ያለውን ነው ሁሉም ቃል በቃል የሚያምነው።

አሜሪካ ውስጥ ይሄ ነገር ስንቱን ልጅ እንዳሰረ ብታውቅ ታዝናለህ። ኒው ጀርሲ ላይ ስኪነር የሚባል ሰው በግድያ ሙከራ ሲከሰስ፣ መኪናው ውስጥ የተገኘ የራፕ ግጥም 13 ገጽ ሙሉ ለዳኝነት ለተቀመጡት ሰዎች ተነበበላቸው። ግጥሙ ስለተከሰሰበት ተኩስ አንድም ነገር አይልም፣ ብዙው ከዓመታት በፊት የተጻፈ ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ ደም በጆሮው የሰማ ሰው ምን ይፈርዳል? የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ይህ ልክ አይደለም አለ፤ ግጥሙ ከወንጀሉ ጋር በቀጥታ ካልተያያዘ ማስረጃ አይሆንም ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ውስጥ ያለውን ምሳሌ በጣም ነው የምወደው፦ ቦብ ማርሌ ሸሪፉን፣ ማለትም የፖሊስ አዛዡን፣ ተኩሼዋለሁ ብሎ ስለዘፈነ በእውነት ተኩሷል የሚል ሰው የለም። የሻሸመኔ ልጅም ይህን ያውቀዋል። ካሊፎርኒያም በ2022 ሕግ አውጥታ፣ ዳኛ እንዲህ ያለ ግጥም ለማስረጃነት ከመቀበሉ በፊት ደጋግሞ እንዲያስብ አስገድዳለች።

እኛ ደግሞ ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባ ነበር። «ዘራፍ» የማን ቃል ነው? ልጁ ከኒው ዮርክ አላመጣውም። ጎጃም ውስጥ ሠርግ ላይ ቆሞ ስንት እንደጣለ የሚፎክር ሰው ይጨበጨብለታል፣ «በርታ» ይባላል። ያው ነገር በቢት ሲመጣ ወንጀል የሚሆነው ለምንድን ነው?

ያዴቱ ሰው

ልጆቼ፣ ፉከራ ስለተነሳ ነው ጣልቃ የገባሁት። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ አዴት ዙሪያ ነው ያደግሁት፣ ፉከራ ከአባቶቼ አፍ ሰምቻለሁ። ቢት ሠሪው ያለው ግማሹ ልክ ነው።

ልክ የሆነው ይሄ ነው። በፉከራ ውስጥ መቶ ሰው ቢወድቅ ማንም አይደነግጥም። ሴቶች እልል ይላሉ፣ ሕፃናት ይስቃሉ። ፎካሪው ጦሩን ነቅንቆ ሲጨርስ ቁጭ ብሎ ጠላውን ይጠጣል። 

ግን ፉከራ ሁልጊዜ ጨዋታ ነው ያላችሁ ሰው ካለ አገሩን አያውቀውም። ደም ያለባቸው ሁለት ቤተሰቦች አንድ ዳስ ውስጥ ከተገናኙ ያው ፉከራ፣ ያው ቃል፣ ሌላ ነገር ይሆናል። ወንድሙ ተገድሎበት ገና ያልተካሰ ሰው ፊት ቆሞ «ገዳይ» ማለት ሰውየውን ተነሣ ማለት ነው። ለቅሶ ላይ እንኳ አልቃሿ በሙሾ ሁለት መስመር ትወረውርና በዚያች ሁለት መስመር የተነሳ ሌላ ሬሳ ይጨመራል። ግጥሙ «ግደል» አይልም። ሟቹን ታሞግሳለች፣ ጠመንጃው ተሰቅሎ መቅረቱን ታነሳለች፣ በቃ። የሚገባው ሰው ይገባዋል።

ስለዚህ በድሮው ጊዜ ዳሱ ውስጥ አስተዋይ ሽማግሌ ይቀመጥ ነበር። አንዱ ለፉከራ ሲነሳ ዝም ብሎ ያየዋል፤ ሌላው ሲነሳ ግን ክንዱን ይዞ ያስቀምጠዋል። ግጥሙን ሰምቶ አልነበረም፣ ገና አልተናገረም እኮ። ማን ፊት እንደቆመ አይቶ ነው።

መምህር ሆይ፣ የናንተ ኮሚቴ ያሰመረበት ቃል ለኔ አላስፈራኝም። ያልተሰመረበት ነው ያስፈራኝ። አረንጓዴው በር የማን ነው?

ጠበቃዋ

እኔም ያንኑ ልጠይቅ ስል ጋሼ ቀደሙኝ።

የሕግ ባለሙያ ነኝ። ቆንጥረህ ያስቀመጥካቸውን ሦስቱን ቦታዎች ደጋግሜ አነበብኳቸው። በመጀመሪያው ውስጥ ጥይትም ደምም አለ፣ ግን ማን ላይ? ማንም ላይ። ማይክ ጥይት አይጎርስም፣ ማንም ሰው ይህን ሰምቶ በሩን አይቆልፍም። ሁለተኛው የአስተዳደር ትችት ነው፣ ቃሉ ቢሞቅም። «ብዕሬ ክብሪት ነው» እያለ ራሱ ነግሯችኋል። ሦስተኛው ውስጥ ግን አንድም የደም ቃል የለም፣ ቢላ የለም፣ እሳት የለም። ያለው አንድ በር፣ አንድ ቀን፣ ጨለማ፣ እና «አንተ» የሚባል አንድ ሰው ነው። ቃል እየፈለገ በቀይ የሚያሰምር ሰው ይህን ጨርሶ አያየውም።

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ስለደከሙ የነሱን ላንሳ። እዚህ ሕግ ሆነው አይሠሩም፣ ለማሰብ ግን ይረዳሉ። ዋትስ የሚባል የ18 ዓመት ወጣት በቬትናም ጦርነት ጊዜ ሰልፍ ላይ «ጠመንጃ ካስያዙኝ መጀመሪያ የማነጣጥረው ፕሬዚዳንት ጆንሰን ላይ ነው» አለ። የሰሙት ሳቁ። ተፈረደበት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1969 ሻረው፤ ይህ የተጋነነ የፖለቲካ ንግግር እንጂ ዛቻ አይደለም ብሎ። በዚያው ዓመት በብራንደንበርግ ጉዳይ ደግሞ ለአመጽ መቀስቀስ የሚያስቀጣው ንግግሩ ወዲያውኑ የሚፈጸም ሕገ ወጥ ድርጊት ለማስነሳት ታልሞና ሊያስነሳም የሚችል ሲሆን ነው አለ።

አሁን ከዋትስ ጋር ይሄን አስተያዩት። ፒትስበርግ ውስጥ ኖክስ የሚባል ራፐር ያሰሩትንና በፍርድ ቤት ሊመሰክሩበት የነበሩትን ሁለት ፖሊሶች ስማቸውን ጠርቶ ዘፈነ። ከሥራ የሚወጡበትን ሰዓት እንደሚያውቅም በግጥሙ ተናገረ። የፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ እውነተኛ ዛቻ ነው ብሎ ቅጣቱን አጸናው። ታዋቂ ራፐሮች ስለ ራፕ ጥበብ የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጅተው ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አስገቡለት፣ ፍርድ ቤቱ ግን በ2019 ጉዳዩን ለማየት አልፈቀደም። ቢት ሠሪው በስኪነር ጉዳይ ትክክል ነው፣ ኖክስንም ግን ይመልከትልኝ። ሁለቱም ራፕ ናቸው፣ ሁለቱም ውስጥ ግድያ አለ። ልዩነቱ ስም፣ ሰዓትና ሰሚ ነው።

ሌላው የተናጋሪው ሐሳብ ነው። ኢሎኒስ የተባለ ሰው ስለተለየችው ሚስቱ ፌስቡክ ላይ ራፕ የሚመስል የግድያ ግጥም እየጻፈ ሲለጥፍ «አርቲስት ነኝ» ይል ነበር። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ «ማንኛውም ጤነኛ ሰው ዛቻ ነው ይለዋል» ማለት ብቻውን ወንጀለኛ አያደርገውም፣ በራሱ በተናጋሪው አእምሮ ውስጥ ያለውም መታየት አለበት ብሎ የቅጣት ውሳኔውን ሻረ። በ2023 ደግሞ በካውንተርማን ጉዳይ፣ ቃሉ ሰው ሊያስፈራ እንደሚችል እያወቀ ደንታ ሳይሰጠው ከተናገረ ይበቃል አለ። ስለዚህ ኮሚቴው ልጁን ሊጠይቀው የሚገባው «ለምን ደም አልክ?» ብሎ አይደለም። «ይህን መስመር ‹ጠብቀኝ› ያልከው ሰው እንዲሰማው ፈልገህ ነበር?» ብሎ ነው።

ወደኛ ስንመጣ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ መግለጽን በስሙ ጠርቶ ይጠብቃል። ገደብ የሚጣለው የሐሳቡን ይዘት ጠልቶ መሆን የለበትም፤ የወጣቶችን ደኅንነት፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ግን በሕግ ሊገደብ ይችላል፣ የጦርነት ቅስቀሳም የተከለከለ ነው። የጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ የሚመለከተው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ የተመሠረተን ጥላቻ ነው፤ የኪነ ጥበብ ፈጠራ አካል የሆነን ንግግርም ነጥሎ ያወጣል። ልጁ ግጥም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ስላላየሁ አንድ ሰው አዋጁን ጠቅሶ ሊያስፈራራው ቢሞክር አትቀበል። ማስፈራራት ግን በወንጀል ሕጋችን ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፣ በቢት መሆኑም አያድነውም።

የሚኒ ሚዲያው

ጋሼ፣ ጠበቃዋም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ልጁን ለብቻው አነጋገርኩት።

አረንጓዴው በር የሌላ ክፍል ተማሪ ቤት ነው። ባለፈው መንፈቅ ተጣልተው ነበር፤ ያኛው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሐይቁ ዳር ይዞት ደብድቦታል፣ ስልኩም የተሰነጠቀው ያን ቀን ነው። ለማንም አልተናገረም። «ልትመታው ነው?» አልኩት። «አይ፣ እኔ ማንንም አልመታም» አለኝ። «ታዲያ ለምን ጻፍከው?» ስለው ትንሽ ዝም ብሎ «እሱም ትንሽ ይፍራ» አለኝ።

ያኛውንም አገኘሁት። ዘፈኑ በማጉያው ባይተላለፍም በቴሌግራም ደርሶታል። የማክሰኞውን ጥናት ትቷል።

የሁለት ተማሪዎች እናት

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ፤ ስለ ፒትስበርግና ስለ ኒው ጀርሲ ብዙ ተምሬአለሁ። ግን እባካችሁ የምንኖረው እዚህ መሆኑን አትርሱ።

ጠበቃዋ «ደም እንደ ዓባይ ይወርዳል» ማንንም አይነካም ብላለች። እኔን ነክቶኛል። የኔ ትንሿ ልጅ የተኩስ ድምፅ ከሩቅ ሰምታ የቱ የከባድ መሣሪያ እንደሆነ ትለያለች። ይህን ማወቅ አልነበረባትም። እዚያ ሰልፍ ላይ ከቆሙት ልጆች ውስጥ ባለፉት ዓመታት አባቱን ወይ ወንድሙን የቀበረ አለ፣ መምህር ያውቃል። ያ ልጅ ጠዋት ዳቦውን ይዞ እረፍት ሲወጣ በማጉያው «ደም ይወርዳል» ሲባል ይስማ? ዩቲዩብ ላይ ቢሆን ያጠፋዋል፣ ሠርግ ላይ ቢሆን ተነስቶ ይወጣል። ከትምህርት ቤት ግቢ ግን ወዴት ይሄዳል?

ደግሞ ዘፈን አይገድልም የሚባለውን አልቀበልም። ሩዋንዳ ውስጥ ሬዲዮው ስም እየጠራ ሰው ሲያስገድል፣ መሐል መሐሉን ዘፈን ነበር የሚያሰማው። ዘፋኙም ተፈርዶበታል። እኛም አገር ብሔር እየጠራ የሚሳደብ ዘፈን ከስልክ ስልክ ሲዞር አይተናል። «አርት ነው» እያልን የምናሳልፈው እስከ መቼ ነው?

ጠበቃዋ

እህቴ፣ ስለ ማጉያው ያልሽው ትክክል ነው፣ እኔም አላሰብኩትም ነበር ማለት እችላለሁ፤ እቀበልሻለሁ። ትምህርት ቤቱ በራሱ ማጉያ የሚያስተላልፈውን መምረጥ ይችላል። ሁሉም ተማሪ ሳይወድ የሚሰማው ነገር ስለሆነ መጠንቀቅም አለበት። ግን አለማስተላለፍና ልጁን መቅጣት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮሚቴው የሚያምታታው እዚህ ላይ ነው። «ይህ ለእረፍት ሰዓት አይሆንም» ማለት የአዘጋጅ ሥራ ነው። «ይህን በመጻፍህ ከትምህርት ታግደሃል» ማለት ግን ፍርድ ነው፣ ማስረጃ ይፈልጋል።

በሩዋንዳው ላይ ግን ፍርዱን በደንብ እንየው፣ ምክንያቱም ለዚህ ጉዳይ ከዚያ የተሻለ አስተማሪ የለም። ዘፋኙ ሲሞን ቢኪንዲ ነው። ዘፈኖቹ በ1994ቱ ቅስቀሳ ላይ እንደዋሉ የሩዋንዳን ዘር ማጥፋት የዳኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተቀብሏል፣ ሁቱዎችን በጋራ ጠላት ላይ የሚያስተባብሩ እንደነበሩም አልካደም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2008 15 ዓመት ሲፈርድበት፣ የፈረደበት በዘፈኖቹ አልነበረም። በሰኔ 1994 በመኪና ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ፣ መንገድ ላይ እየሄደ፣ ሰዎች ቱትሲዎችን እንዲያጠፉ በቀጥታ ጥሪ ስላደረገ ነው። ያን ያህል ደም ከፈሰሰ በኋላ እንኳ ዳኞቹ ዘፈኑንና ጥሪውን ለይተው መዘኑ። ዘፈኖቹ ንጹሕ ናቸው አላሉም። ወንጀሉን ያገኙት ግን ሰውየው ማንን፣ ለማን፣ መቼ እንደተናገረ ሲያዩ ነው።

ብሔር እየጠራ የሚሳደበውን ዘፈን በተመለከተ አብሬሽ ነኝ። አዋጁ ለኪነ ጥበብ በር ከፍቷል ማለት ስድብን በዜማ የጠቀለለ ሁሉ ያልፋል ማለት አይደለም፤ የፈጠራ ሥራ ነው ወይስ ሽፋን ብሎ መጠየቅ የዳኛው ሥራ ነው። የዚህ ልጅ ግጥም ግን እዚያ ውስጥ የለም።

አንድ የተማሪ ጉዳይ ልጨምር፣ ለመምህር ይጠቅመዋል። ሚሲሲፒ ውስጥ ቴይለር ቤል የተባለ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በ2011 ሁለት የስፖርት አሠልጣኞች ሴት ተማሪዎችን ይተናኮላሉ ብሎ ራፕ ሠራ፣ ግጥሙ ውስጥ ስለ መሣሪያም አለበት። የተቀዳው ከትምህርት ቤት ውጭ ነው። ትምህርት ቤቱ ቀጣው፣ ወደ ሌላ ትምህርት ቤትም ላከው። ሴት ተማሪዎች የተባለው እውነት ነው ብለው በጽሑፍ መሰከሩ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ2015 ለትምህርት ቤቱ ፈረደ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2016 አላይም አለ። እኔን የሚያናድደኝ ቅጣቱ ብቻ አይደለም። ክርክሩ ሁሉ በግጥሙ ውስጥ ስላሉት የመሣሪያ ቃላት ሆነና ልጁ የተናገረለት የሴቶቹ አቤቱታ ጀርባ ላይ ቀረ። የናንተም ኮሚቴ የሽንት ቤቱን መስመር «ይነዳል» ስላለ ብቻ እንዳይቀብረው።

ቢት ሠሪው

የኖክስን ነገር አነበብኩት። እሺ፣ እቀበላለሁ፣ የፖሊሶቹን ስምና ሰዓት መጥራት ሌላ ነው። በለንደንም ድሪል የሚባለውን የራፕ ዓይነት የሚሠሩ ሁለት ልጆች በ2019 ፍርድ ቤት የከለከላቸውን ዘፈን መድረክ ላይ በመዝፈናቸው ብቻ የገደብ እስራት ተፈርዶባቸዋል፣ ያን ጊዜ በጣም ተናድጄ ነበር፣ አሁንም እናደዳለሁ። ምክንያቱም አንዴ ፖሊስ ዘፈን መምረጥ ከጀመረ አረንጓዴ በር የሌለበትንም ያግዳል። የሚጠረጠረው ሁልጊዜ የድሀ ሰፈር ልጅ ነው።

ለልጁ ግን የምነግረው አለኝ፣ እኔ ጋ ላከው። ያን መስመር ያውጣው። ቅጣት ፈርቶ እንዲያወጣው አልፈልግም። የተደበደበበትን ቀን ራሱን ይጻፈው። ሐይቁ ዳር ምን እንደሆነ፣ ስልኩ እንዴት እንደወደቀ፣ ቤት ገብቶ ለእናቱ ምን እንዳላት። ያ ከሁሉ ይበልጣል፣ ስም መጥራትም አይፈልግም። «ዘራፉ» ይቆይ።

ያዴቱ ሰው

መልካም። እኔ ደግሞ ኮሚቴው ላይ ጥያቄ አለኝ። ምክትሉ በዘፈኑ የተነኩ ሰው ናቸው፣ ቁልፉን የያዙትም እሳቸው ከሆኑ ማለቴ ነው። የተነካ ሰው ዳኛ አይሆንም፣ ይህን ባላገር ሽማግሌ እንኳ ያውቀዋል። መምህር፣ በአክብሮት ለብቻቸው አናግራቸው፣ ከዚያ ስብሰባ እንዲነሱ። እምቢ ካሉ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።

ድብደባውም አብሮ ይታይ። ደብዳቢው ሳይጠየቅ የዘፈነው ብቻ ከተቀጣ ልጆቹ የሚማሩት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የሁለቱም አባቶች ይጠሩ፣ ልጆቹ ይታረቁ። ቅጣት ከዕርቅ በፊት ከመጣ ቂሙ ይብሳል።

የሚኒ ሚዲያው

ጋሼ፣ እንዳሉት አደርጋለሁ። ስብሰባው ላይ የማቀርበው ግልጽ ሆኖልኛል፦ ሁለቱ የመጀመሪያ ቦታዎች አያስቀጡም፣ ሦስተኛው እንደ ግጥም ሳይሆን እንደ ዛቻ ይታይ፣ ድብደባውም በእኩል ይታይ። የሽንት ቤቱ አቤቱታ ለብቻው በጽሑፍ ለወላጅና መምህራን ኅብረት ይቅረብ። በማጉያው ማስተላለፉን በተመለከተ ክበቡ ራሱ ከተማሪዎቹ ጋር ይወስን ብዬ አስባለሁ።

የሁለት ተማሪዎች እናት

በማጉያው መተላለፉን አሁንም አልደግፍም፣ ተማሪዎቹ ቢወስኑም። መታገዱን ግን እኔም ተቃውሜአለሁ፣ ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ በዚህ ጊዜ የት እንደሚውል እናውቃለን።

መምህር፣ አንድ ነገር ግን ማንም አልጠየቀህም። ጥናቱን የተወው ልጅ ወላጆች ያውቃሉ? የተደበደበውስ እናት? ካላወቁ ስብሰባውን አትጠብቅ። ማክሰኞ ሳይደርስ፣ ዛሬውኑ ለሁለቱም ደውልላቸው።